ከሚመለሰው ዮዮ ወደማይመለሰው፣ ከዚያም ወደ እንጨቱ

ዮዮ የሚጫወት ጎልማሳ "እስካሁን አልሰለቸህም?" መባሉ አይቀርም። አንድ ዓይነት ነገር ስደጋግም የኖርኩ ብሆን ኖሮ ጥያቄው ትክክል ነበር፤ ገና ድሮ ትቼው ነበር። ነገር ግን በእነዚህ ዓመታት በእጄ ያለፉት ዮዮዎች የሚመሳሰሉት በሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ክብ ናቸው፣ ክር አላቸው። አሠራራቸውም፣ አወራወሬም፣ ከጨዋታው የምፈልገውም ነገር እየተለዋወጠ መጥቷል።

ይህን የምጽፈው በተለይ የመጀመሪያዎቹን ብልሃቶች ለምደው መሀል መንገድ ላይ ለቆሙ ነው፤ አዲስ ዕቃ ልግዛ ወይስ ጨርሶ ልተወው ብለው ለሚያመነቱ። ጀማሪ ቢያነበውም አይጎዳውም።

ሁላችንም የምንጀምረው በሚመለሰው ዮዮ ነው። ዮዮ ማለት በመሀል ዘንግ የተያያዙ ሁለት ክብ ጎኖች፣ ዘንጉ ላይም የሚጠቀለል ክር ነው። ወደ ታች ትወረውሩታላችሁ፤ ክሩ ጫፍ ላይ እየሾረ ይቆያል፤ በስሱ ነካ አድርጋችሁ ስትስቡት ተጠቅልሎ መዳፋችሁ ውስጥ ይገባል። ይህ ጫፍ ላይ እየሾሩ መቆየት በተጫዋቾች ዘንድ "መተኛት" ይባላል። ክሩ ዘንጉ ላይ ጥብቅ ተደርጎ ቢታሰር ኖሮ ዮዮው አይተኛም ነበር፤ ጫፍ እንደደረሰ መልሶ ይጠቀለላል። ስለዚህ ክሩ አይታሰርም፤ እንደ ቀለበት ሆኖ ዘንጉን ያቅፈዋል፣ ዘንጉም በውስጡ ይንሸራተታል። ይህን በፊሊፒንስ የነበረውን አሠራር በአሜሪካ በስፋት ያስተዋወቀው የፊሊፒንስ ተወላጁ ፔድሮ ፍሎሬስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1928 በካሊፎርኒያ፣ ሳንታ ባርባራ ውስጥ የዮዮ ማምረቻ ከፈተ። ብዙም ሳይቆይ ዶናልድ ደንካን የተባለ ነጋዴ ድርጅቱን ገዛውና ዮዮን በአገሩ ሁሉ አዛመተው።

መተኛት ግን የክሩ ሥራ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 የዲስከቨሪ መንኮራኩር ጠፈርተኞች ከሌሎች መጫወቻዎች ጋር ዮዮ ይዘው ወጥተው ነበር፤ ክብደት በማይሰማበት ቦታ ዮዮው አልተኛም። ክሩን ወጥሮ የሚይዘው የስበት ኃይል በማይሰማበት፣ ጫፍ ደርሶ ወዲያው ይመለሳል። ለጀማሪ ከዚህ የሚጠቅመው ነገር አለ፦ ዮዮው እንዲተኛ ክሩ እንደተወጠረ መቆየት አለበት፤ እንዲመለስ ደግሞ ለአፍታ መላላት አለበት። ዮዮው ጫፍ ሊደርስ ሲል እጃቸውን ወደ ላይ የሚነጥቁ ሰዎች ሳይፈልጉ ይመልሱታል። እጁን ከዮዮው ጋር ትንሽ ዝቅ አድርጎ ንዝረቱን የሚቀበል ሰው ግን ያስተኛዋል።

ዝግጅቱ አጭር ነው። ዮዮው መሬት ነክቶ ክሩ ሲዘረጋ ከእምብርታችሁ አካባቢ ላይ ቁረጡት። ክሩ ጫፍ ላይ ያለውን ትንሽ ቀለበት በቀጥታ ጣታችሁ ላይ አታጥልቁት፤ ክሩን በቀለበቱ ውስጥ አሳልፋችሁ ሸምቀቆ ሥሩ። ሸምቀቆው በመካከለኛው ጣት ላይ፣ በመጀመሪያውና በሁለተኛው አንጓ መካከል ይቀመጣል። መዳፋችሁን ወደ ላይ አድርጋችሁ ዮዮውን ስትይዙ ክሩ የሚወጣው ከዮዮው አናት በኩል መሆን አለበት፤ ከሥሩ ከወጣ ውርወራው ይንገጫገጫል።

ውርወራው ላይ ግን አትቸኩሉ። ተራው ቀጥ ያለ ውርወራ አሰልቺ ስለሚመስል ሁሉም ሰው አልፎት ይሄዳል፤ በኋላ የሚመጣው ችግር ግን ግማሹ የሚወለደው እዚያ ነው። ክንድ ወደ ውጭ ከፈት ካለ ዮዮው ያጋድላል። ያጋደለ ዮዮ ክሩን በጎኑ እየፋተገ ፍጥነቱን ይጨርሳል፤ ከዚህም በላይ ቀስ በቀስ ፊቱን ማዞር ይጀምራል፤ ብልሃቱ መሀል ሲደርስ ዮዮው ከእናንተ ሌላ አቅጣጫ እያየ ነው። መስታወት ፊት ቆማችሁ ወርውሩ። በሁለቱ ጎኖች መካከል ያለው ክፍተት ቀጥ ያለ ቀጭን መስመር ሆኖ ከታየ ጥሩ ነው፤ የአንዱን ጎን ፊት ካያችሁ ክርናችሁን ወደ ሰውነታችሁ ጠጋ አድርጉ። እኔ ዛሬም ጨዋታ የምጀምረው በዚህ ነው፤ ጣቶቼ እስኪሞቁ ድረስ ሌላ ነገር አልሞክርም።

በዚህ ደረጃ የሚለመዱት ብልሃቶች የታወቁ ናቸው፤ ዮዮውን መሬት ላይ አስነክቶ ውሻ ማንሸራሸር፣ ክሩን እንደ አልጋ ዘርግቶ ሕፃን ማወዛወዝ፣ በትልቅ ክብ ዓለምን መዞር። የመጨረሻውን ከመሞከራችሁ በፊት ወደ ላይም ወደ ኋላም ተመልከቱ፤ ክሩንም መርምሩ፤ ጣት አጠገብ የሳሳ ክር የሚበጠሰው ሁልጊዜ ዮዮው ወደ አንድ የሚሰበር ነገር ሲሄድ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ኩሽኔታ ነው። ቶም ኩን የተባለ የሳን ፍራንሲስኮ የጥርስ ሐኪም፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ የሚፈታታ የእንጨት ዮዮ ሠርቶ ነበር፤ በ1990 ደግሞ ኩሽኔታ የተገጠመለት የአሉሚኒየም ዮዮ አወጣ። አሠራሩ ቀላል ነው። የኩሽኔታው የውስጥ ቀለበት ከዘንጉ ጋር ይሾራል፤ ክሩ ያረፈበት የውጭ ቀለበት ግን ባለበት ይቀመጣል። ክርና ዘንግ መፋተጋቸው ስለሚቀር፣ ሰከንዶች ብቻ ይቆይ የነበረው እንቅልፍ ደቂቃዎችን ማስቆጠር ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ጃፓን ውስጥ የተነሣው ትልቅ የዮዮ ወረት የጋለውም በእንዲህ ዓይነት ዮዮዎች ነው። ከዚያ ተጫዋቾች ክሩ ላይ የሚሠሩት ነገር በዛ፤ ብዙ ድርብ ክር ክፍተቱ ውስጥ ሲገባ ዮዮው ሳይፈለግ ይመለስባቸው ጀመር። መፍትሔው ክፍተቱን ማስፋትና በጎኖቹ ያለውን ክር የሚይዝ ሲሊኮን ማሳሳት ሆነ። በዚህ መንገድ የማይመለሰው ዮዮ ተወለደ።

ብዙ ሰው ጨዋታውን የሚተወው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ገና ትናንት የተካነበት ነገር ድንገት ከእጁ ይወጣል። ወረወረ፣ ሳበ፣ ዮዮው እንደተንጠለጠለ ቀረ። የማይመለሰው ዮዮ የሚመለሰው "ባይንድ" በሚባል ዘዴ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሌላ ብልሃት ሁሉ ይቆይና እሱን ልመዱ። ዮዮው ተኝቶ ሳለ ክሩን በነፃው እጃችሁ አመልካች ጣት ላይ አሳርፉ፤ ዮዮውን አወዛውዛችሁ ራሱ ክሩ ላይ ጫኑት። ከዮዮው ጠጋ ብላችሁ ክሩን በሁለት ጣት ቆንጥጡና በወርዋሪው እጅ ሳቡ። ትርፉ ክር ተጣጥፎ ክፍተቱ ውስጥ ይገባል፣ ሲሊኮኑ ይይዘዋል፣ ዮዮው ይጠቀለላል። እምቢ ካላችሁ ሁለት ነገር ተመልከቱ፦ ከዮዮው ርቃችሁ ቆንጥጣችሁ ይሆናል፣ ወይም እጥፋቱ የገባው ዮዮው ከሚሾርበት አቅጣጫ በተቃራኒ ነው። ከመዳፋችሁ የሚያመልጥ ልል ባይንድ ካያችሁ ደግሞ ሲሊኮኑ አልቋል ማለት ነው።

ባይንዱ ከገባላችሁ በኋላ ሰፊ ሜዳ ይከፈታል። ትራፒዝ የሚባለው፣ ዮዮውን በጎን ወርውሮ በጣት በተዘረጋ ክር ላይ ማሳረፍ ነው፤ በጠቅላላው ለክር ብልሃቶች በር ከፋቹ እሱ ነው። ከእሱ ቀጥሎ ስፕሊት ቦተም የሚባለውን አያያዝ (ክሩን በሁለቱም እጆች ጣቶች ላይ ዘርግቶ ዮዮውን መሀሉ ላይ ማሳረፍ)፣ ከዚያ ዮዮውን ከክሩ ላይ ወደ ላይ አንጥሮ መልሶ የሚያሳርፈውን ኢላይ ሆፕ ብትለምዱ፣ ከዚያ በኋላ የምታዩት ብልሃት ሁሉ የእነዚህ ቅልቅል እንደሆነ ታስተውላላችሁ። አዲስ ብልሃት ስመለከት መጀመሪያ የምጠይቀው "ከየትኛው አያያዝ ተነሥቶ ወደየትኛው ይሄዳል?" ብዬ ነው። መልሱ ከተገኘ መሀሉን እጅ ራሱ ይፈልገዋል።

በዚህ ደረጃ ላሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የማይነገራቸው ነገር የክሩ ጥምዘዛ ነው። እያንዳንዱ ውርወራና ባይንድ ክሩን ትንሽ ትንሽ ያጠብቀዋል ወይም ያላላዋል። የጠበቀ ክር በላላ ቁጥር በራሱ ላይ ይጠመጠማል፤ የክር ቀለበት በአየር ላይ የሚያሳልፉ ብልሃቶች በሙሉ በዚህ የተነሣ ይበላሻሉ። ተጫዋቹ ግን እጁን ይወቅሳል። ጨዋታ ሳይሳካ ሲቀር ሸምቀቆውን ከጣታችሁ አውጥታችሁ ዮዮውን ያዙና ክሩ እንዲንጠለጠል ተዉት፤ ራሱን ይፈታል። አንዳንድ ቀን መፍትሔው ይኸው ብቻ ነው።

ከዚያ የመግዛት ዘመን ይመጣል። ሁላችንንም ይይዘናል፤ ስለዚህ አልመክርበትም፣ የማውቀውን ብቻ ልንገራችሁ። ዛሬ ለክር ብልሃት የሚሠሩ ዮዮዎች ብዙዎቹ ከ60 እስከ 68 ግራም ይመዝናሉ፤ የክባቸው ስፋት (ዲያሜትር) በ56 ሚሊሜትር ዙሪያ ነው። አንዱን ከሌላው የሚለየው ዋናው ነገር ክብደቱ የት እንደተቀመጠ ነው። ጠርዝ ላይ የተከማቸ ክብደት ረዥም ሽክርክሪት ይሰጣል፤ አንዳንድ ሠሪዎች በአሉሚኒየሙ አካል ላይ የብረት ቀለበት የሚያጠልቁት ለዚህ ነው። በአንጻሩ ወደ መሀል የተጠጋ ክብደት ዮዮውን ቀልጣፋ ያደርገዋል። 6061 እና 7075 የሚባሉት የአሉሚኒየም ዓይነቶች ልዩነት በጥንካሬ ነው፤ ሁለተኛው ስለሚበረታ ሠሪው ግድግዳውን ሊያሳሳው ይችላል። ታይታኒየም ድምፁ ደስ ይላል፤ ከዚያ ውጭ ጨዋታችሁን የሚያሻሽል ነገር የለውም። ኩሽኔታው በአብዛኛው አንድ ልክ ነው፤ የውስጡ 6.35፣ የውጩ 12.7፣ ውፍረቱ 4.76 ሚሊሜትር። ስለዚህ ከአንዱ ዮዮ ወደ ሌላው ይዛወራል።

ጨዋታችሁ ላይ ለውጥ የምትፈልጉ ከሆነ ግን ከብረቱ በፊት ክሩን ለውጡ። ወፍራም ክርና ቀጭን ክር፣ ጥጥና ፖሊስተር በአንድ ዮዮ ላይ እጅግ የተለያየ ጠባይ ያወጣሉ። ያረጀ ክር ይዞ ስለ አዲስ ዮዮ የሚያስብ ሰው ሳይ ትንሽ እበሳጫለሁ።

እንክብካቤውም ቀላል ነው። ኩሽኔታው ሲንጫጫ ወይም እንቅልፉ ሲያጥር አውጥታችሁ በንጹሕ አልኮል ወይም በአሴቶን እጠቡት፤ ከእሳት ርቃችሁ፣ መስኮት ከፍታችሁ። ሲደርቅ ቀጭን ዘይት አንዲት ጠብታ ይበቃዋል። ወፍራም ቅባት ከገባ ዮዮው መመለስ ይጀምራል። ሁለቱን ጎኖች ስትገጥሙ ሲቆም ቁሙ፤ አሉሚኒየም ውስጥ ያለ የቡሎን ጥርስ አንዴ ከተበላ ዮዮው እየተንቀጠቀጠ ይኖራል።

ከግዢው ዘመን በኋላ ጸጥ ያለ ጊዜ ይመጣል። መጀመሪያ ላይ በየቀኑ አዲስ ነገር ይገኝ ነበር፤ አሁን አንድ ብልሃት ሳምንታትን ይበላል፤ ሲሳካም ከሩቅ ለሚያይ ሰው ካለፈው አይለይም። በዚህ ጊዜ አንዳንዱ መንገድ ይቀይራል። በውድድር ዓለም አምስት ዘርፎች አሉ፦ 1ኤ በአንድ ዮዮ የክር ብልሃት ነው፤ 2ኤ በሁለት እጅ ሁለት ዮዮ እያስመለሱ ማዞር፤ 3ኤ ሁለት የተኙ ዮዮዎችን ባንድ ላይ በክር ማጫወት፤ 4ኤ ከክሩ ጋር ያልተያያዘ ዮዮ በአየር ላይ እየለቀቁ መቅለብ፤ 5ኤ ክሩን ከጣት አውጥቶ ጫፉ ላይ ትንሽ ክብደት ማሰር። ይህን የመጨረሻውን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ማብቂያ አካባቢ ያስጀመረው ስቲቭ ብራውን ነው። መሰልቸት የጀመረ ሰው 5ኤን ቢሞክር ጥሩ ነው፤ የለመደውን ብልሃት ሁሉ በሌላ መልክ መልሶ ያገኘዋል። 2ኤ ደግሞ የማይሠራውን እጅ የሚቀጣ ትምህርት ቤት ነው፤ እኔ ብዙ አልገፋሁበትም፣ የእጅ አንጓዬ አልወደደውም።

ውድድርን በተመለከተ፣ ለተመልካች እንጂ ለኔ ዓይነቱ ሰው አልተሠራም ብዬ አምናለሁ። የዓለም ውድድር ፍጻሜ 3 ደቂቃ ነው፤ ዳኞች በእጃቸው መቁጠሪያ ይዘው የተሳካውንም የተበላሸውንም ይመዘግባሉ፤ ስለዚህ ጨዋታው እየጠበቀ፣ እየፈጠነ ሄዷል። ይሁንና ከሻምፒዮኖቹ የምማረው ነገር አለ። ሂሮዩኪ ሱዙኪ በ1ኤ እ.ኤ.አ. በ2004፣ በ2005 እና በ2006 አሸንፎ፣ በ2012 እንደገና አሸነፈ። ጄንትሪ ስታይን በ2014 አሸንፎ በ2019 ደገመው። በመካከል ባሉት ዓመታት ዕቃውም ብልሃቱም ተለውጧል፤ ያኔ ያሸነፈው ጨዋታ ዳግመኛ አያሸንፍም ነበር። እንዲህ ዓይነት ሰው የያዘውን ጥሎ እንደገና የተማረ ነው።

የኔ መመለሻ ግን ወደ እንጨቱ ሆነ። ብቻዬን አይደለሁም፤ ብረት ሲጫወቱ የኖሩ ብዙ ሰዎች ኩሽኔታ ወደሌለው፣ ዘንጉ የማይነቃነቅ እንጨት ወደሆነው ዮዮ ተመልሰዋል። ናፍቆት የሚመስለው አለ፤ ለኔ ግን ጉዳዩ የሂሳብ ነው። ኩሽኔታ ያለው ዮዮ ጊዜ አያልቅበትም። ብልሃቱ መሀል ላይ ብትደነቃቀፉ ይጠብቃችኋል፤ ክሩን ታስተካክላላችሁ፣ እጃችሁን ታንቀሳቅሳላችሁ፣ ትቀጥላላችሁ። ከውጭ የሚያይ ሰው ምንም አያውቅም፤ እናንተም ቀስ በቀስ ማወቅ ትተዋላችሁ። እንጨቱ ግን አይጠብቅም። የሚሾረው ጥቂት ሰከንዶች ነው፤ ክሩ ዘንጉን በነካ ቁጥር ከዚያች ጥቂት ጊዜ ላይ ይቀነሳል። ትራፒዝን በእንጨት ስትሠሩ ማንኛዋም ትርፍ የእጅ እንቅስቃሴ ወዲያው ዋጋ ታስከፍላለች፤ ዮዮው ወይ ይሞታል ወይ ሳይጠበቅ ተጠቅልሎ ጣት ይመታል። በብረቱ ላይ ለዓመታት የተጠራቀመ አላስፈላጊ ጌጥ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይረግፋል። ከዚያ ወደ ብረቱ ስትመለሱ እጃችሁ ቆጣቢ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

በተለይ በእንጨቱ ላይ የሚኖሩ ብልሃቶችም አሉ። ዮዮው ከመተኛት ይልቅ ክሩን እየተጠቀለለ ወጥቶ፣ አየር ላይ ለቅጽበት ፀጥ ብሎ፣ በተቃራኒ አቅጣጫ ይወርዳል። ስቶል ይሉታል። ይህን የሚሠራ ሰው የሚጫወተው በፍጥነት ሳይሆን ፍጥነቱ በሚያልቅባት ነጥብ ላይ ነው። በማይመለሰው የኩሽኔታ ዮዮ ላይ እንዲህ ያለ ነገር እንኳን ሊሠራ፣ አይታሰብም።

ሰውነትም አስተያየት መስጠት ይጀምራል። ለረዥም ሰዓት አንገት ደፍቶ መጫወት ትከሻ ያስራል፤ ብልሃቱን በደረት ከፍታ ላይ ሥሩት። ሸምቀቆው ጣትን ካጠቆረ አውጡት፣ ወደ ሌላ ጣት አዛውሩት። እኔ አሁን የምጫወተው በአጭር በአጭሩ ነው፤ መጀመሪያ በእንጨቱ፣ ከዚያ በብረቱ፣ በመጨረሻም አንድ ያልገባኝን ነገር በዝግታ። አልፎ አልፎ ራሴን በቪዲዮ እቀዳለሁ፤ ዮዮውን ሳይሆን የማይሠራውን ክርኔን ለማየት።

ወደ እንጨቱ ለመሄድ ያሰባችሁ ጥቂት ነገር ያዙ። ክሩ ጥጥ ይሁን፤ ፖሊስተር በእንጨት ዘንግ ላይ በፍትጊያ ሙቀት ይቀልጣል። አዲስ ክር ስታስገቡ መጀመሪያ ይነጥራል፣ እሺ አይልም፤ ጥቂት ውርወራዎች ያለሰልሱታል። ዮዮው ተኝቶ አልመለስም ካለ ክሩን በዘንጉ ላይ አንድ ዙር ጨምሩለት፤ በጣም የሚነጥቅ ከሆነ ደግሞ የክሩን ጥምዘዛ ትንሽ አላሉት። የአየሩ ርጥበት ሲለወጥ ይህንኑ ማስተካከያ ደግሞ ይፈልጋል፤ እንጨትም ጥጥም ናቸውና።